የሸሸ ድድ ይመለሳል?

‹‹ዶክተር፣ ጥርሴ ረዘመብኝ›› የሚለውን አቤቱታ በሳምንት ውስጥ ደጋግሜ እሰማለሁ፡፡ የምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ በአራዳ፣ ከቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ብዙም ሳይርቅ ስለሚገኝ፣ ከታካሚዎቼ አብዛኞቹ የአራት ኪሎ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች፣ መምህራንና የፒያሳ ነጋዴዎች ናቸው፡፡ መስተዋት ፊት ቆመው ሲስቁ ክራንቻቸው ከጎረቤቱ ጥርስ ረዝሞ፣ ወደ ድዱ አካባቢም ቢጫ ሆኖ ያዩታል፡፡ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጡ ይነዝራቸዋል፡፡ ሎሚ የነካው ምግብ ሲቀምሱ ጥርሳቸው ይጠርሳል፡፡

ከዚህ በኋላ ብዙዎች ከሁለት መንገዶች አንዱን ይከተላሉ፡፡ ገሚሶቹ ‹‹ሥሩ ከወጣማ አለቀለት›› ብለው ጥርሱ እንዲነቀልላቸው ይጠይቃሉ፡፡ ሌሎቹ ደግሞ ድድ ያሳድጋል የተባለ ሳሙናና ቅባት ይገዛሉ፣ ወይም አዲሱ ሕክምና ሁሉንም ወደ ቦታው ይመልሰዋል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ፡፡ ሁለቱም መንገድ አያዋጣም፡፡ ሥሩ የታየ ጥርስ ብዙውን ጊዜ ገና ለረጅም ዓመታት የሚያገለግል ጥርስ ነው፡፡ የሸሸ ድድ ደግሞ በራሱ ጊዜ ተመልሶ አያድግም፤ በቀዶ ሕክምና ግን የተጋለጠውን ሥር መልሶ መሸፈን የሚቻልበት ሁኔታ አለ፡፡ የሚቻለውን ከማይቻለው የሚለየው ዋናው ነገር የመድኃኒቱ ውድነት ሳይሆን በጥርሶቹ መካከል የቀረው አጥንት ነው፡፡ በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ለማስረዳት እሞክራለሁ፡፡

ረዘመ የተባለው ጥርስ

ጥርስ ከድድ በላይ የሚታየው ክፍል ኢናሜል በተባለ፣ በሰው አካል ውስጥ በጥንካሬው አቻ በሌለው ነገር የተሸፈነ ነው፡፡ ከድድና ከአጥንት ውስጥ የተቀበረው ሥሩ ግን ይህ ሽፋን የለውም፡፡ እሱን የሚሸፍነው ሲሜንተም የሚባል ስስ ልባስ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ዴንቲን በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት፡፡ ድድ ሲሸሽ ይህ ለስላሳ ክፍል ለአየር፣ ለቅዝቃዜ፣ ለኮምጣጣ ምግብና ለብሩሽ ይጋለጣል፡፡ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በቅዝቃዜ ምክንያት ሲንቀሳቀስ ከውስጥ ያለውን ነርቭ ይነካካዋል፤ ‹‹ነዘረኝ›› የምንለው ስሜት የሚመጣው ከዚህ ነው፡፡

የተጋለጠ ሥር ከመንዘር ሌላ ሁለት ችግሮች አሉበት፡፡ አንደኛ፣ ብሩሽና አሲድ ተባብረው አንገቱ ላይ ይቦረቡሩታል፡፡ ሁለተኛ፣ ከኢናሜል ይልቅ በቀላሉ በትል (በተለምዶ አጠራሩ) ይበላል፡፡ ይህ በተለይ ዕድሜያቸው በገፋና አፋቸው በሚደርቅባቸው ሰዎች ላይ ይብሳል፡፡

ቢጫነቱ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል፡፡ የሥር የተፈጥሮ ቀለም ከኢናሜል ይልቅ ወደ ቢጫ ያደላልና ‹‹ቆሻሻ ነው›› ተብሎ በከሰል ወይም በጨው መፈተግ የለበትም፡፡ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ፍሎራይድ የበዛበትን ውኃ ጠጥተው ባደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለምም ከዚህ የተለየ ነው፡፡ እሱ ያለው ኢናሜሉ ላይ ሲሆን፣ የመጣውም ጥርሱ ገና ሲፈጠር ነው፡፡

ድድ ለምን ይሸሻል?

ምክንያቶቹን በሁለት ጎራ ከፍሎ ማየት ይቀላል፡፡ የመጀመሪያው ንጹሕና ጤናማ በሆነ ድድ ላይ የሚደርስ መሸሽ ነው፡፡ እነዚህ ሰዎች ጥርሳቸውን የማያጸዱ ሳይሆኑ አጥብቀው የሚያጸዱ ናቸው፡፡ ጠንካራ ብሩሽ ይዘው ጫማ እንደሚወለውል ሰው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይፈትጋሉ፡፡ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ከጥርስ ረድፍ ወጣ ብሎ የበቀለው ክራንቻና ከእሱ ቀጥሎ ያለው ጥርስ ነው፡፡ በተፈጥሮው ድዱ ስስ የሆነ ሰው፣ ጥርሱ ከአጥንቱ ወደ ውጭ ገፋ ያለ ሰው፣ ወይም በማስተካከያ ሽቦ ጥርሱ ከአጥንቱ ወሰን እንዲወጣ የተደረገ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል፡፡

ሁለተኛው ጎራ የድድ በሽታ ነው፡፡ በጥርስና በድድ መካከል የተከማቸ ባክቴሪያ ድዱን ያስቆጣል፤ ሳይታከም ሲቆይ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ያስበላዋል፡፡ አጥንቱ ሲወርድ ድዱም አብሮ ይወርዳል፡፡ እዚህ ላይ መሸሹ በአንድ ጥርስ ፊት ለፊት ብቻ አይወሰንም፤ በጥርሶቹ መካከልም ጥቁር ክፍተት ይታያል፡፡ ሲጋራና በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የስኳር በሽታ ነገሩን ያፋጥኑታል፡፡

የሁለቱ ልዩነት ከሕክምናው ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ኋላ እመለስበታለሁ፡፡

መፋቂያ፣ ጫት፣ ንቅሳትና ወርቅ ጥርስ

በእኛ አገር የድድን ጉዳይ ሲያነሡ እነዚህን አራቱን መዝለል አይቻልም፡፡

በአራት ኪሎና በፒያሳ መንገዶች ላይ በእስር የሚሸጠው መፋቂያ መጥፎ ነገር አይደለም፡፡ ከወይራም ሆነ ከክትክታ ይቆረጥ፣ በትክክል ከተጠቀሙበት ጥርስ ያጸዳል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1978 በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት መፋቂያ በአግባቡ ከተያዘ ከብሩሽ እንደማይተናነስ አሳይቷል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ባለባቸው አገሮች እንዲቀጥል አበረታቷል፡፡ በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1991 ከሳዑዲ ዓረቢያ የወጣ ጥናት የመፋቂያ ተጠቃሚዎች ድድ ከብሩሽ ተጠቃሚዎች ይበልጥ ሸሽቶ መገኘቱን ዘግቧል፡፡ ሁለቱ እርስ በርስ አይጋጩም፡፡ ጫፉ በደንብ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ካልለሰለሰ፣ መንገድ ላይ እየሄዱ ወይም ወግ እየጠረቁ ለረጅም ጊዜ አንዱን ቦታ ብቻ የሚፈትጉበት ከሆነ፣ ጥርሱ ይጸዳል፤ ድዱ ግን ይሸሻል፡፡ መፍትሔው ጫፉን ማለስለስ፣ ያረጀውን ጫፍ ቆርጦ መጣልና ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ አቅጣጫ መጥረግ ነው፡፡

ጫት የሚቅም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሉን ለሰዓታት በአንድ ጉንጩ ይይዛል፡፡ ስለዚህ አፉን ስመለከት የአንዱን ጎን ድድ ከሌላው ጋር አነፃፅራለሁ፡፡ ልዩነት ካለም ምክንያቱን ራሱ ታካሚው ይነግረኛል፡፡

የድድ ንቅሳት ጉዳይ ለየት ይላል፡፡ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በልጅነታቸው ድዳቸውን በመርፌና በጥላሸት የተነቀሱ ብዙ እናቶች አሉ፡፡ የተነቀሱት ለውበት ነው፤ ድድ ያጠነክራል ተብሎም ይታመን ነበር፡፡ ለሐኪም የሚያስቸግረው ጥቁር ሰማያዊው ቀለም የድድን መቆጣት የሚያሳየውን መቅላት መሸፈኑ ነው፡፡ በተፈጥሮው ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ድድ ያላቸው ሰዎችም እንዲሁ ናቸው፡፡ ቡናማነቱ ራሱ በሽታ አይደለም፡፡ ነገር ግን እንዲህ ባለ ድድ ላይ ‹‹ቀልቷል፣ አልቀላም›› በማለት ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ በመለኪያ ዘንግ ሲነካ ይደማል ወይስ አይደማም የሚለው መታየት አለበት፡፡

በፒያሳ ወርቅ ቤቶች አካባቢ ያደገ ሰው የወርቅ ጥርስን ያውቃል፡፡ ወርቅም ሆነ ሌላ የጥርስ ሽፋን ጠርዙ ከድድ ሥር በግድ ከገባ ወይም ከጥርሱ ጋር በደንብ ካልገጠመ፣ እዚያው ቆሻሻ እያጠራቀመ ድዱን ያሸሸዋል፡፡ እንዲህ ባለ ጥርስ ላይ መጀመሪያ የሚስተካከለው ሽፋኑ ነው፡፡

‹‹ጥርሴን ካሳጠብኩ በኋላ ድዴ ሸሸ››

ይህ አባባል ብዙዎችን ከሕክምና ስላራቀ ለብቻው ማንሳት ይገባል፡፡ ለዓመታት የተጠራቀመ የጠጠረ ቆሻሻ በጥርሶች መካከል ያለውን ክፍተት እንደ ሲሚንቶ ይሞላዋል፡፡ ያበጠው ድድ ደግሞ ሥሩን ይሸፍነዋል፡፡ ቆሻሻው ሲነሳና እብጠቱ ሲቀንስ ቀድሞ የነበረው ጉዳት ይታያል፡፡ ስለዚህ ያሸሸው እጥበቱ ሳይሆን ከእጥበቱ በፊት የነበረው በሽታ ነው፡፡ እጥበቱን ትቶ መቆየት ማለት አጥንቱ ከእይታ ውጭ እያለቀ እንዲሄድ መተው ነው፡፡

ሥርን መሸፈንና የጠፋውን መልሶ ማብቀል

‹‹ሪጄነሬቲቭ›› እየተባለ በማስታወቂያ የሚቀርበውን ሕክምና ለመረዳት በመጀመሪያ እነዚህን ሁለት ነገሮች መለየት ያስፈልጋል፡፡

ጥርስ በአጥንት ውስጥ የቆመው እንደ ሚስማር ተመትቶ አይደለም፡፡ በሥሩ ሲሜንተምና በአጥንቱ መካከል በተዘረጉ ጅማቶች ተንጠልጥሎ ነው፡፡ ድድን ስቦ ሥሩ ላይ መስፋት ሥሩን ከዓይን ይሸፍነዋል፤ ጅማቱ፣ ሲሜንተሙና አጥንቱ ግን በዚህ ብቻ ተመልሰው አይመጡም፡፡ ችግሩ የእሽቅድምድም ነው፡፡ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ሥሩ ቀድመው የሚደርሱት በፍጥነት የሚራቡት የድድ ገጽ ሕዋሳት ናቸው፡፡ እነሱ ከቀደሙ ጅማት የሚሠሩት ሕዋሳት ቦታ ያጣሉ፡፡ ሜልቸር የተባለው ተመራማሪ ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1976 አቀረበ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ኒማን፣ ሊንድና ካሪንግ የተባሉት የስካንዲኔቪያ ሐኪሞችና ባልደረቦቻቸው በአንድ ሰው ጥርስ ላይ በሥሩና በድዱ መካከል ስስ ማጣሪያ አስገብተው የድዱን ሕዋሳት አገዱ፤ ሥሩ ላይም አዲስ ሲሜንተምና ጅማት መብቀሉን በማይክሮስኮፕ አሳዩ፡፡ ዛሬ ጅማትና አጥንትን መልሶ ማብቀል የሚባለው ሕክምና መነሻው ይህ ነው፡፡

ለታካሚው የሚጠቅመው ፍሬ ነገር ግን ይህ ነው፡፡ ለሸሸ ድድ የሚደረጉት አብዛኞቹ ቀዶ ሕክምናዎች በእርግጠኝነት ሊሰጡ የሚችሉት መሸፈንና የድድ መወፈርን ነው፡፡ የእውነተኛ ጅማት መብቀል በከፊል የሚገኝ፣ በዓይንም የማይረጋገጥ ነገር ነው፡፡ ‹‹ድድዎንና አጥንትዎን እንደ ልጅነትዎ እንመልሰዋለን›› የሚል ካለ ከሚቻለው በላይ ቃል እየገባ ነው፡፡

ሕክምናዎቹ

1. ድድን ወደ ላይ ስቦ መስፋት፡፡ ከተጋለጠው ሥር አጠገብ ያለው ድድ በጥንቃቄ ከሥሩ ይላቀቅና ወደ ጥርሱ አንገት ተስቦ ይሰፋል፡፡ ሌላ ቦታ አይቆረጥም፡፡ ለዚህ ግን ድዱ በቂ ውፍረት ሊኖረው ይገባል፤ ከ0.8 ሚሊ ሜትር በታች የሳሳ ድድ ብቻውን ሲሳብ ተመልሶ የመሸሽ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፡፡

2. ከላንቃ የሚወሰድ ንቅለ ተከላ፡፡ ይህ እስከ ዛሬ ሌሎቹ የሚመዘኑበት ሕክምና ነው፡፡ ከአፍ ጣሪያ፣ ከገጹ ቆዳ ሥር፣ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኅብረ ሕዋስ ይወሰድና በሥሩና በተሳበው ድድ መካከል ይቀመጣል፡፡ ላንገር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1985 ካስተዋወቁት ወዲህ በብዙ መንገድ ተሻሽሏል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 48 ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመዝን፣ ሥርን ለመሸፈንም ድድን ለማወፈርም ሲፈለግ በተሻለ ማስረጃ የተደገፈው ይህ ሕክምና መሆኑን ደምድሟል፡፡ ጉዳቱ ሁለተኛ ቁስል መኖሩ ነው፤ ላንቃ ለአንድ ሁለት ሳምንት ያማል፡፡

3. ከነገጹ የሚወሰድ የላንቃ ቁራጭ፡፡ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ዛሬም በታችኛው የፊት ጥርሶች ላይ ጠንካራ ድድ ለማግኘት ይጠቅማል፡፡ ለእኛ ሰው ግን አንድ እንከን አለበት፡፡ የላንቃ ቀለም ፈዛዛ ሐምራዊ ስለሆነ በቡናማ ወይም በተነቀሰ ድድ ላይ ሲተከል የተጣፈ ጨርቅ ይመስላል፡፡ በሚታይ የላይኛው የፊት ጥርስ ላይ ከመሠራቱ በፊት ይህ ለታካሚው ሊነገረው ይገባል፡፡

4. የኢናሜል ፕሮቲን ቅባት፡፡ ኤምዶጌይን በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው ሲሆን በስዊድን የተፈለሰፈ ነው፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል፡፡ ጥርስ ሲፈጠር ሲሜንተም እንዲበቅል የሚያነሳሱ ፕሮቲኖችን የያዘ ሲሆን፣ ድዱ ከመሰፋቱ በፊት ሥሩ ላይ ይቀባል፡፡ ድድ ስቦ ከመስፋት ጋር ሲደረግ ከስፌቱ ብቻ የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ ከእውነተኛው መልሶ ማብቀል ጋር የሚቀራረበውም ይህ ነው፡፡ ይሁንና ስሱን ድድ አያወፍርም፡፡ ልብ ይበሉ፣ ይህ በቀዶ ሕክምና ጊዜ በሐኪም የሚደረግ እንጂ በቤት የሚቀባ አይደለም፡፡

5. ከራስ ደም የሚዘጋጅ ፋይብሪን፡፡ ሹክሩን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2001 ያስተዋወቀው ነው፡፡ ከታካሚው ክንድ ጥቂት ደም ይቀዳና ወዲያው በማሽከርከሪያ መሣሪያ ይዞራል፤ በመካከሉ የሚረጋው የፋይብሪን ጓል እንደ ስስ ጨርቅ ተዘርግቶ ከድዱ ሥር ይቀመጣል፡፡ ርካሽ ነው፣ ባዕድ ነገርም የለበትም፡፡ የላንቃ ቁስል ቶሎ እንዲሽር ይረዳል፡፡ ሥርን በመሸፈንና ድድን በማወፈር ግን የላንቃውን ንቅለ ተከላ አይተካም፡፡

6. ተገዝተው የሚመጡ የኮላጅን ሽፋኖችና ከሰው ቆዳ የተዘጋጁ ልባሶች፡፡ ጥቅማቸው ላንቃን ሳይቆርጡ ብዙ ጥርሶችን በአንድ ጊዜ ማከም ማስቻላቸው ነው፡፡ አሜሪካ ዘመድ ያላቸው ታካሚዎች ‹‹ያለ ቢላዋና ያለ ስፌት በአንዲት ቀዳዳ የሚሠራው›› እያሉ የሚጠይቁኝም ከዚሁ ወገን ነው፡፡ ጆን ቻው የተባለ የካሊፎርኒያ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ያደረገው ዘዴ ሲሆን፣ በትንሽ ቀዳዳ በኩል ድዱ ተላቅቆ ከሥሩ የኮላጅን ቁራጮች ይጠቀጠቃሉ፡፡ ቁስሉ ትንሽ ነው፤ የረጅም ዓመታት ማስረጃው ግን ከላንቃው ንቅለ ተከላ ጋር አይወዳደርም፡፡

ማን ይጠቀማል? ማንስ አይጠቀምም?

አሁን ከላይ ወዳቆየሁት የሁለቱ ጎራዎች ልዩነት ልመለስ፡፡ ድድ ደም የሚያገኘው በሥሩ ሳይሆን በሁለቱ ጎኖች ካለው ሕያው አካል ነው፡፡ የተጋለጠ ሥር ድንጋይ ማለት ነው፤ የተተከለን ድድ አይመግብም፡፡ ስለዚህ በጥርሶቹ መካከል ያለው አጥንትና ድድ ሙሉ ከሆነ የተተከለው ድድ ከግራና ከቀኝ ተመግቦ ይኖራል፡፡ አጥንቱ ከወረደ ግን ድዱ ከዚያ ከፍታ በላይ ሊቆም አይችልም፡፡

ይህን ሚለር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1985 በአራት ደረጃ ከፍሎት ነበር፡፡ ዛሬ የምንሠራበት አከፋፈል ካይሮ የተባለው ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረበው ባለ ሦስት ደረጃ ነው፡፡ በመጀመሪያው ደረጃ በጥርሶቹ መካከል ምንም ያልጠፋ በመሆኑ ሥሩን ሙሉ በሙሉ መሸፈን ይቻላል፡፡ በሁለተኛው በመካከል የጠፋው ፊት ለፊት ከጠፋው የማይበልጥ ሲሆን፣ የሚጠበቀው አብዛኛውን ጊዜ ከፊል ሽፋን ነው፡፡ በሦስተኛው በመካከል የጠፋው ይበልጣል፤ ሙሉ ሽፋን አይታሰብም፡፡

በሥራዬ ያጋጠሙኝን ሁለት ሰዎች በምሳሌነት ላንሳ፡፡ አንዲት የባንክ ባለሙያ የላይኛው ክራንቻዋ እንዲነቀልላት መጣች፡፡ ሥሩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ተጋልጧል፤ በመካከል ያለው አጥንት ግን ሙሉ ነው፣ ጥርሱም አይነቃነቅም፡፡ በቀላሉ ሊሸፈን የሚችል ነበር፡፡ እኛ መጀመሪያ ብሩሿን ለውጠን፣ አጠራረጓን አስተካክለን፣ ለንዝረቱ ፍሎራይድ ቀባንላት፡፡ ከአንድ ዓመት በኋላ ስንለካው 3 ሚሊ ሜትሩ አልጨመረም፤ መንዘሩም ቆሟል፡፡ ‹‹እንዲህ ከሆነማ ቀዶ ሕክምናው ይቅርብኝ›› አለች፤ ውሳኔዋ ተገቢ ነበር፡፡ ጥርሷም እስካሁን ከእሷ ጋር ነው፡፡

ሁለተኛው በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ አባወራ ናቸው፡፡ የድድ በሽታ አጥንታቸውን በሁሉም ጥርሶች መካከል አውርዶታል፤ የታችኞቹ የፊት ጥርሶቻቸውም ይነቃነቃሉ፡፡ ልጃቸው ከውጭ ‹‹ድድ የሚያሳድገውን ሕክምና አሠራ፣ ገንዘቡን እልካለሁ›› ብሏቸዋል፡፡ ‹‹ጋሼ፣ ይህ ገንዘብ ለዚህ አይውልም›› ማለት ነበረብኝ፡፡ የሚያስፈልጋቸው ጥልቅ የሥር እጥበት፣ ሲጋራ ማቆምና በየ3 ወሩ ክትትል ነው፡፡ በእንዲህ ያለ አፍ ላይ የሚደረግ የመሸፈኛ ቀዶ ሕክምና ገንዘብ ከማባከኑም በላይ የዋናውን በሽታ ሕክምና ያዘገየዋል፡፡

ዕቃው ከምን እንደተሠራ ይጠይቁ

ይህ ነጥብ በውጭ አገር መጻሕፍት ውስጥ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ ለእኛ አገር ታካሚ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው፡፡ የኢናሜል ፕሮቲኑ ቅባት የሚዘጋጀው ጥርሳቸው ገና ካልወጣ የአሳማ ግልገሎች የጥርስ ቡቃያ ነው፡፡ ከኮላጅን ሽፋኖቹም ብዙዎቹ ከአሳማ፣ አንዳንዶቹ ከበሬ ይሠራሉ፡፡ በአገራችን ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም በእምነቱ ምክንያት የአሳማ ሥጋ አይበላም፡፡ በሕክምና መልክ በአካል ውስጥ መቀመጡን እንዴት እንደሚያዩት ደግሞ ሰው ከሰው ይለያያል፡፡ ‹‹መድኃኒት ነው›› ብሎ የሚቀበል አለ፤ በፍጹም የማይፈልግ አለ፤ የነፍስ አባቱን ወይም ሼሁን ጠይቆ እስኪመጣ ጊዜ የሚፈልግም አለ፡፡

ውሳኔው የታካሚው ነው፡፡ የሐኪሙ ግዴታ ከመርፌው በፊት በግልጽ አማርኛ መንገር ነው፡፡ ‹‹ባዮሎጂካል ቁስ›› የሚል ቃል ወረቀት ላይ ጽፎ ማስፈረም መንገር አይባልም፡፡ ደግነቱ ይህ ጉዳይ ማንንም ያለ ሕክምና አያስቀርም፤ በተሻለ ማስረጃ የተደገፈው ሕክምና ከታካሚው ከራሱ ላንቃ የሚወሰደው ነውና፡፡

በዋጋ ረገድም ይኸው ነው፡፡ ተገዝተው የሚመጡት ዕቃዎች በውጭ ምንዛሪ የሚመጡ በመሆናቸው፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ሲሰሉ ተወደዋል፡፡ የላንቃው ንቅለ ተከላ ግን የሚጠይቀው በዋናነት የሐኪሙን እጅና ጊዜ ነው፡፡

ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ

ድዱን ያሸሸው ምክንያት ሳይወገድ ቀዶ ሕክምና መሥራት ጣሪያው ሳይደፈን ወለል እንደ መወልወል ነው፡፡ ስለዚህ ቢያንስ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ ጥርስ ይታጠባል፣ የአቦራረሽ ልማድ ይስተካከላል፣ የተበላሸ ሽፋን ይለወጣል፡፡ የሚያጨስ ሰው ካላቆመ ውጤቱ እንደሚቀንስ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል፡፡

ቀዶ ሕክምናው በአካባቢ ማደንዘዣ የሚሠራ ሲሆን፣ ታካሚው በዕለቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል፡፡ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ወሳኝ ናቸው፡፡ የተሰፋው ቦታ አይቦረሽም፤ በምትኩ ሐኪሙ ባዘዘው የክሎርሄክሲዲን መጉመጥመጫ ይጸዳል፡፡ ከንፈርን ወደ ላይ ስቦ በመስተዋት ‹‹ያዘልኝ ይሆን?›› ብሎ ማየት ስፌቱን ያላቅቃል፡፡ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጥብስ ሥጋ ለጊዜው ይቅሩ፤ ለብ ያለ አጥሚት፣ ሾርባና ፍትፍት ይበቃሉ፡፡ ስፌቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወጣል፤ የመጨረሻው ውጤት የሚታየው ግን ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፡፡

ይህ ክትትል በአራዳ ነዋሪ ላይ ሌላ ችግር አለበት፡፡ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳ ብዙ ቤቶች ሲነሡ ነዋሪዎች ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል፤ የቀድሞ ሐኪማቸው በእግር የሚደረስበት መሆኑ ቀርቷል፡፡ ስለዚህ ሰፈር ሲቀይሩ የራጅ ፊልምዎንና የድድ ልኬት ወረቀትዎን ቅጂ ጠይቀው ይውሰዱ፡፡ ከሦስት ዓመት በፊት ድድዎ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሸሸ የሚያሳይ አንድ ወረቀት፣ መሸሹ ቆሟል ወይስ ቀጥሏል የሚለውን ለአዲሱ ሐኪም ወዲያው ይነግረዋል፡፡

ቀዶ ሕክምና የማያስፈልገው ሰው

ሥሩ የታየ ሁሉ አይቆረጥም፡፡ መሸሹ ካልጨመረ፣ ካልነዘረና በውበት ረገድ ካላስጨነቀ ዓመታዊ ልኬትና ፎቶግራፍ በቂ ነው፡፡ ንዝረት ብቻ ከሆነ ፖታሲየም ናይትሬት ወይም ስታነስ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ሳይቋረጥ ለሳምንታት መጠቀም፣ በክሊኒክ ፍሎራይድ መቀባትና ሎሚና ለስላሳ መጠጥ መቀነስ ብዙውን ጊዜ ያስታግሰዋል፡፡ የጥርሱ አንገት ከተቦረቦረ ጥርስ መሰል ቀለም ባለው ነገር ይሞላል፡፡

ቀዶ ሕክምናው የሚመከረው መሸሹ እየጨመረ ሲሄድ፣ ድዱ እጅግ ስስ ሆኖ ለማጽዳት ሲያም፣ ንዝረቱ በሌላ መንገድ አልቆም ሲል፣ የማስተካከያ ሽቦ ሊታሰር ሲታሰብ ወይም ፈገግታው ሰውየውን ሲያሳፍረው ነው፡፡

ሐኪምዎን የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

‹‹ሥሩን እንሸፍንልዎ›› ከተባሉ ከመስማማትዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፡፡

- ድዴ የሸሸው በምን ምክንያት ነው? ምክንያቱስ ቆሟል?
- ስንት ሚሊ ሜትር ሸሽቷል? ልኬቱ ተጽፏል?
- በጥርሶቼ መካከል ያለው አጥንት ምን ያህል ቀርቷል? ሙሉ ሽፋን ይጠበቃል ወይስ ከፊል?
- የሚጠቀሙት ዕቃ ከምን የተሠራ ነው? ከራሴ ላንቃ መውሰድ አይቻልም?
- የድዴ ቀለም ከአካባቢው ጋር ይመሳሰላል?
- ይህን ሕክምና እርስዎ ይሠሩታል ወይስ ወደ ድድ ሐኪም ይልኩኛል?

በአገራችን በድድ ሕክምና ብቻ የሠለጠኑ ሐኪሞች ጥቂት ስለሆኑ የመጨረሻው ጥያቄ የሚያሳፍር አይደለም፡፡ ጥሩ ሐኪም በጥያቄው አይቀየምም፡፡ መልሱን በሚሊ ሜትር የሚነግርዎትንና ‹‹ይህ አይቻልም›› ለማለት የማይፈራውን ይምረጡ፡፡ እስከዚያው ግን ነገ ጠዋት ለስላሳ ብሩሽ ይግዙ፣ ብሩሹን እንደ እርሳስ በጣትዎ ጫፍ ይያዙት፤ ‹‹ሥሩ ወጥቷል›› ብለውም የሚያኝኩበትን ጥርስ ለመንቀል አይቸኩሉ፡፡